«ላቦራቶሪ» የተባለው የደም ምርመራ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ከሁሉ አስቀድሜ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ባለፈው ሰሞን በጤና ዓምዳችሁ ስለ እጅ መንቀጥቀጥና ስለ ሌሎች የእንቅስቃሴ ሕመሞች ያወጣችሁትን ጽሑፍ እዚህ ሜሪላንድ ሆኜ በስልኬ አነበብኩት። ጽሑፉ በአብዛኛው ጥሩ ነው፤ ፓርኪንሰን የእርጅና ጠባይ ሳይሆን ራሱን የቻለ በሽታ መሆኑን ያስረዳበት ክፍል በተለይ የሚመሰገን ነው። ይሁን እንጂ ወደ መጨረሻው «ሐኪሞች ፈንክሽናል የሚሉትን መንቀጥቀጥ ዛሬ በላቦራቶሪ ምርመራ ማረጋገጥ ይቻላል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር አለ (ፈንክሽናል የሚባለው ነርቭ ወይም አንጎል ሳይጎዳ የሚመጣው ነው፤ ወደ ኋላ አስረዳዋለሁ)፤ ከጎኑም በደም የተሞላ ብልቃጥ የያዘ ጓንት ያጠለቀ እጅ ፎቶግራፍ ታትሟል። ዓረፍተ ነገሩ ስሕተት አይደለም። ስሕተቱ ፎቶግራፉ ነው፤ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም እሱ ነው።

ጽሑፉ በወጣ በሳምንቱ አዲስ አበባ የምትኖረው አክስቴ ደወለችልኝ። ቀኝ እጇ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ዓምና አንድ የነርቭ ሐኪም ካያት ወዲህ ግን ብዙ ተሽሏታል። «ልጄ፣ ያ የኔ በሽታ በደም የሚታወቅበት ምርመራ መጥቷል አሉ፤ እዚህ ሰፈር ያሉትን ሁለት ላቦራቶሪዎች ብጠይቅ አናውቀውም አሉኝ። ደሜን ብልክልሽ እናንተ ዘንድ ይታይልኛል?» አለችኝ። አሁን ከተሻለሽ ምን ያደርግልሻል ብላት፣ «ወረቀት እፈልጋለሁ። ወረቀት በእጄ ከገባ የጎረቤቱን አፍ አዘጋበታለሁ» አለች። የአክስቴን ጥያቄ የጠየቁ ሌሎች አንባቢዎችም እንደሚኖሩ ስለማልጠራጠር መልሱን እዚሁ ዓምድ ላይ ብታወጡልኝ እወዳለሁ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። በአንድ ሆስፒታል የነርቭና የጡንቻ ኤሌክትሪክ በሚመዘገብበት ክፍል 16 ዓመት የሠራሁ ቴክኒሺያን ነኝ። ይህን ክፍል ፈረንጆቹ በአጭሩ «ላብ» ይሉታል፤ ግራ መጋባቱም የሚጀምረው ከዚህ ነው። በአገራችን «ላቦራቶሪ ታዘዘልኝ» ያለ ሰው ደም፣ ሽንት ወይም ሰገራ ሊሰጥ ነው ማለት ነው፤ ከዚያ ሌላ ትርጉም ቃሉ የለውም። ለዚህ ምርመራ ግን መርፌም ብልቃጥም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው አንድ ባለ መደገፊያ ወንበር፣ ጡንቻው ላይ በቆዳ ላይ የሚለጠፉ ሳንቲም የሚያህሉ ኤሌክትሮዶች፣ የእጅን ንቅናቄ የሚለካ አክስለሮሜትር የሚባል የአውራ ጣት ጥፍር የማያህል መሣሪያ (ስልካችሁን ስታጋድሙት ስክሪኑ አብሮ እንዲዞር የሚያደርገው ዓይነት ማለት ነው)፣ ከዚያ ማጉያና ኮምፒዩተር ነው። በደም ውስጥ ተገኝቶ ይህን ሕመም የሚያረጋግጥ ንጥረ ነገር እስከ ዛሬ የለም። እርግጥ ነው ለሚንቀጠቀጥ ሰው ደም መታዘዙ ያለ ምክንያት አይደለም፤ የታይሮይድ ዕጢ ሥራ ሲበዛ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ በወጣቶች ላይ ደግሞ መዳብ በሰውነት ውስጥ የሚከማችበት የዊልሰን በሽታ ሊኖር ይችላል። ነገር ግን ያ ደም የሚመረመረው ሌላ በሽታ ለመፈለግ እንጂ ይህን ለማግኘት አይደለም።

ፈንክሽናል የእንቅስቃሴ ሕመም እጅን የሚያንቀጠቅጥ፣ እግርን የሚያስር፣ አንገትን የሚያጣምም፣ ሰውነትን ብርግግ የሚያደርግ ወይም አረማመድን የሚያበላሽ ሆኖ፣ ነርቭ ተበጥሶ ወይም አንጎል ቆስሎ ሳይሆን እንቅስቃሴን የማቀናበሩ ሥራ በራሱ በመዛባቱ የሚመጣ ነው። ክራር የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ጅማቶቹ ሳይበጠሱ፣ ገበቴውም ሳይሰነጠቅ ቅኝቱ ሊወርድ ይችላል። ክራሩን ገልብጦ ስንጥቅ የሚፈልግ ሰው ምንም አላገኘሁም ይላል፤ ጆሮ ያለው ግን አንድ ጊዜ ቢደረድረው ያውቀዋል። ሕመሙ ብርቅም አይደለም። በስኮትላንድ ነርቭ ክሊኒኮች በተደረገ ሰፊ ጥናት ለመጀመሪያ ጊዜ ከመጡት ሕሙማን መካከል ፈንክሽናልና ሥነ ልቦናዊ ተብለው በአንድነት የተመደቡት 16 በመቶ ሲሆኑ፣ ከራስ ምታት ቀጥሎ ሁለተኛውን ቦታ ይዘዋል።

ስሙ ብዙ ጊዜ ተቀያይሯል። ከማኅፀን ጋር አያይዞ ሴቶችን ሁሉ ከሚያማው «ሂስቴሪያ» ተነሥቶ፣ የአገራችን ሐኪሞች ዛሬም በሚጠቀሙበት «ኮንቨርዥን» በኩል አልፎ፣ አሁን «ፈንክሽናል» ላይ ደርሷል። የስሙ ነገር ብዙ አያሳስበኝም፤ የሚያሳስበኝ ምርመራው የሚደረስበት መንገድ ነው። ለብዙ ዘመን መንገዱ የመቀነስ መንገድ ነበር፤ ደሙ ደህና ነው፣ ምስሉ ደህና ነው፣ ስለዚህ የቀረው «የአእምሮ» ነው ይባል ነበር። አክስቴም የደረሰባት ይኸው ነው። መጀመሪያ የሄደችበት ክሊኒክ ደሟን፣ ሽንቷን፣ ታይሮይዷን አየ፤ ከዚያ ኤምአርአይ አሠራት፤ ቤተሰቡ አዋጥቶ ከፈለ። ውጤቱ ሁሉ ንጹሕ ሆኖ ሲመጣ «እማማ፣ ምንም የለብዎትም፣ ይደሰቱ እንጂ፤ ጭንቀት ነው» ተብላ የቫይታሚን መርፌ ታዞላት ተሰናበተች። እጇ ግን እየተንቀጠቀጠ ከክሊኒኩ ወጣ። «ምንም የለብዎትም» የምርመራ ውጤት ሊሆን አይችልም፤ የፈለግሁትን አላገኘሁም ማለት ብቻ ነው።

የመቀነሱ መንገድ አደጋ እንዳለውም የታወቀው ዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1965 (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ኤልየት ስሌተር የተባለ እንግሊዛዊ የአእምሮ ሐኪም «ሂስቴሪያ» ተብለው የነበሩ ሕሙማንን ከዓመታት በኋላ ተከታትሎ ብዙዎቹ ሌላ በሽታ እንደ ነበረባቸው በመጻፍ ሐኪሞችን አስደነገጠ። ከ40 ዓመት በኋላ በ2005 የኤዲንበራው ጆን ስቶንና ባልደረቦቹ እስከዚያ የወጡትን ጥናቶች ሰብስበው ሲያዩ፣ በ1950ዎቹ 29 በመቶ የነበረው የተሳሳተ ምርመራ ከ1970ዎቹ ወዲህ ወደ 4 በመቶ ወርዶ ተገኘ። ጸሐፊዎቹ ራሳቸው ለውጡን ያመጣው የሲቲ ስካን መፈልሰፍ ሳይሆን ምናልባት የጥናቶቹ ጥራት መሻሻል እንደሆነ መናገራቸውን ልብ ይሏል። ምስል ማንሣት ይህን ሕመም አያሳይም፤ ሌላውን ብቻ ያርቃል። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያም በ2013 ሲሻሻል፣ ሕመሙ የግድ ከጭንቀት ወይም ከሐዘን ጋር መያያዝ አለበት የሚለውን መስፈርት ሰርዞ፣ ሐኪሙ ራሱን ሕመሙን የሚያሳይ ምልክት በምርመራ ማግኘት አለበት ወደሚለው ዞሯል። የመለካቱ ነገር የመጣውም በዚሁ በኩል ነው፤ ስታንሊ ፋንና ዳንኤል ዊሊያምስ የተባሉ ሐኪሞች በ1988 ያወጡትን፣ ሕመሙ ምን ያህል እንደተረጋገጠ የሚያሳይ ደረጃ በ2009 ጉፕታና ላንግ ሲያሻሽሉት «በላቦራቶሪ የተደገፈ» የሚል እርከን ጨመሩበት። ጋዜጣችሁ የጠቀሰው «ላቦራቶሪ» ይኸው ነው።

አሁን ወደ ቡናው ልምጣ፤ የጎረቤቱ ክስ ሁሉ ከዚያ የመጣ ነውና። አክስቴ ቁጭ ብላ ስታወራ እጇ ጭኗ ላይ ይንቀጠቀጣል። ጀበናውን አንሥታ ወደ ሲኒ ስትቀዳ ግን ይቆማል፤ አንዲት ጠብታ ከረከቦቱ ላይ አትወድቅም። ጎረቤቶቿ ይህን አይተው «ሲያሻት ይንቀጠቀጣል፣ ሲያሻት ይቆማል» አሉ፤ እንግዲህ ፍርዱ በሦስተኛው ስኒ ተሰጠ ማለት ነው። የሚገርመው ግን ያዩት ነገር በየትኛውም በኩል ማስረጃ አለመሆኑ ነው። የፓርኪንሰን መንቀጥቀጥም እጅ ሲያርፍ ይብሳል፣ ለሥራ ሲነሣ ይቀንሳል፤ በአንጻሩ «ኤሴንሻል ትሬመር» የሚባለው ብዙ ጊዜ በቤተሰብ የሚወረስ መንቀጥቀጥ ደግሞ ሲኒ ሲነሣ ይብሳል፣ ቡናውንም የሚያፈስሰው እሱ ነው። ስለዚህ በዓይን ብቻ «ቆመ፣ ቀጠለ» ተብሎ የሚሰጥ ፍርድ ፓርኪንሰን ያለበትን ሰው አስመሳይ ሊያሰኝ ይችላል። መለካት ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

የሚለካው ምን እንደሆነ ለማስረዳት በአንድ ቀን ያየሁትን እነግራችኋለሁ። በሽተኛዋ ሁለት እጆቿን በወንበሩ መደገፊያ ላይ አሳርፋ ተቀምጣለች። በሁለቱም ክንዶቿ፣ የእጅ አንጓን በሚያነሣውና በሚያወርደው ጡንቻ ላይ ኤሌክትሮድ ለጥፌአለሁ፤ በቀኝ እጇ ጀርባ ላይ አክስለሮሜትሯ በፕላስተር ታስራለች። ስክሪኑ ላይ የቀኝ እጇ መንቀጥቀጥ በሰከንድ 5 ጊዜ ገደማ እየተመላለሰ ይታያል። ሜትሮኖሙን (እኩል ምት የሚያሰማውን መሣሪያ) በሰከንድ 3 ምት አድርጌ ከፈትኩና «በግራ እጅሽ ጣት ከድምፁ እኩል ጠረጴዛውን መታ መታ አድርጊ፤ ቀኝሽን ተዪው» አልኳት። ጀመረች። አሥር ሰከንድ ሳይሞላ በሰከንድ 5 ጊዜ ይንቀጠቀጥ የነበረው ቀኝ እጅ ወደ 3 ወርዶ ከግራው ጋር እኩል መምታት ጀመረ። ሜትሮኖሙን ዘጋሁት፤ ወደ 5 ተመለሰ። በሰከንድ 1 ምት ሲሆን ደግሞ ቀኙ ጭራሹን ጸጥ አለ። እሷ ይህ ሁሉ ሲሆን አታውቅም፤ ዓይኗ የግራ እጇ ጣት ላይ ነበር።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ለመረዳት ሁለት ሴቶች በአንድ ሙቀጫ ተቀባብለው ሲወቅጡ ማሰብ ይበቃል። አንዷ የራሷን ምት ልያዝ ብትል ዘነዘናው ይጋጫል፤ ስለዚህ ሁለቱ በአንድ ምት ይገዛሉ። ሰው በፈቃዱ የሚያንቀሳቅሳቸው ሁለት እጆችም እንዲሁ ናቸው፤ አንድ ትኩረት ሁለት የተለያየ ምት ችሎ መያዝ አይሆንለትም። ፈንክሽናል መንቀጥቀጥ በዚሁ የፈቃድ እንቅስቃሴ መንገድ ስለሚሄድ፣ ሌላው እጅ ምት ሲያስገባ ወይ ይከተለዋል፣ ወይ ይቆማል፣ አለዚያም ምት የሚመታው እጅ ራሱ ምቱን ይስታል። የፓርኪንሰን መንቀጥቀጥ ግን የራሱ ሞተር አለው፤ ግራ እጅ እንደ ከበሮ መቺ ቢመታም ቀኙ በሰከንድ ከ4 እስከ 6 በሆነው በራሱ ፍጥነት ይቀጥላል። ሁለቱም እጆች በሚንቀጠቀጡበት የፓርኪንሰን ሕመምተኛ ላይ ግራና ቀኝ እንደ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ይሄዳሉ፤ ፈንክሽናል ሲሆን ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ምት ተሳስረው ይገኛሉ።

በተረፈ የሚደረጉት ፈተናዎች ከዚህ የሚቀጥሉ ናቸው። በሌላው እጅ በድንገት ፈጣን እንቅስቃሴ ሲደረግ መንቀጥቀጡ ለአፍታ ይቋረጥ እንደሆነ ይታያል። መንቀጥቀጡ ሊጀምር ሲል ተቃራኒ ጡንቻዎች አብረው ይጠብቁ እንደሆነ ይመዘገባል። አንጓው ላይ ክብደት ሲታሰር ደግሞ ሌላው መንቀጥቀጥ ባብዛኛው ይቀንሳል፤ ፈንክሽናል የሆነው ግን ጡንቻዎቹ ተያይዘው ስለሚወጠሩ ይብስበታል። በኦስትሪያ ግራትስ የምትሠራው ፔትራ ሽዊንገንሹህና ባልደረቦቿ በ2011 እነዚህን ፈተናዎች በ10 ነጥብ ደልድለው፣ 3 ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኘ መንቀጥቀጥ ፈንክሽናል ተብሎ እንዲቆጠር ሐሳብ አቀረቡ፤ በ2016 ደግሞ በሌሎች ሕሙማን ላይ ሞከሩት። ፈንክሽናል መንቀጥቀጥ ከነበረባቸው 38 ሰዎች 34ቱን ለየ፣ 4ቱ አመለጡት። ሌላ ዓይነት መንቀጥቀጥ ከነበረባቸው 73 ሰዎች ደግሞ 70ውን በትክክል አስቀረ፣ 3ቱን ግን በስሕተት ፈንክሽናል አለ። በመቶኛ ሲነገር የሚያምር ቁጥር ነው፤ እኔ ግን ሁልጊዜ በሰው እቆጥረዋለሁ፣ እነዚያ 3 ሰዎች ወንበሩ ላይ የሚቀመጡት ስማቸውን ይዘው ነውና። አንድ ነጥብ ብቻውን ማንንም የማይፈርድበት፣ የሐኪሙ ምርመራም ከወረቀቱ የሚቀድመው በዚህ ምክንያት ነው።

ሰውነትን በድንገት ብርግግ የሚያደርገው ሕመም ሌላ መለኪያ አለው። እ.ኤ.አ. በ1964 በጀርመን ፍራይቡርግ ኮርንሁበርና ዴከ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ሰው በፈቃዱ ጣቱን ከማንቀሳቀሱ አንድ ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ አስቀድሞ ከጭንቅላቱ ቆዳ ላይ የሚለካ ቀስ እያለ የሚገነባ የኤሌክትሪክ ሞገድ አገኙ፤ የዝግጅት ሞገድ ልንለው እንችላለን። ሞገዱ እጅግ ትንሽ ስለሆነ በአንድ ጊዜ አይታይም። በእኛ ክፍል የሚደረገው የአንጎሉን ሞገድ በኢኢጂ፣ የጡንቻውን ደግሞ በኢኤምጂ አንድ ላይ እየመዘገቡ፣ ብርግግታው በመጣ ቁጥር ወደኋላ ሁለት ሰከንድ ቆርጦ መያዝና አርባና ከዚያ በላይ የሆኑትን ደራርቦ አማካዩን ማውጣት ነው። ፈንክሽናል ብርግግታ ከሆነ የዝግጅት ሞገዱ ከፊቱ ብዙ ጊዜ ይታያል። ከአንጎል ሽፋን የሚነሣው ማዮክሎነስ የሚባለው ብርግግታ ግን እንዲህ ያለ ዝግጅት የለውም፤ የጡንቻው ፍንዳታም አብዛኛውን ጊዜ ከ50 ሚሊሰከንድ ያጠረ ነው፤ ሰው በፈቃዱ ጡንቻውን ያን ያህል አሳጥሮ መኮማተር አይችልም። ድካሙ ግን ብዙ ነው። ብርግግታው ተከታትሎ ከመጣ ሞገዶቹ ይደራረባሉ፣ ከዘገየ ደግሞ አርባ እስኪሞላ ሰዓታት ይጠበቃል፤ አንዳንዱ በሽተኛ መንገድ ላይ ብርግግ ሲል ውሎ እኛ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ዝም ይላል። ሞገዱ አለመታየቱም ብቻውን ሕመሙ ፈንክሽናል አይደለም አያሰኝም።

ለአንገት መጣመም፣ ለእግር መታሰር፣ ለአረማመድ መበላሸት ግን ይህን የመሰለ የተፈተነ የነጥብ መለኪያ የለንም፤ እዚያ የሐኪሙ ዓይንና እጅ ይበልጣሉ። ከ1908 ጀምሮ የሚታወቀው የሁቨር ምልክት ለምሳሌ ከአልጋ በቀር ምንም መሣሪያ አይፈልግም፤ ደካማው እግር ወደ ታች ተጫን ሲባል እምቢ ብሎ፣ ጤነኛው እግር ተቃውሞ እየተደረገበት ሲነሣ ግን ያው ደካማ የተባለው እግር ሳያውቀው አልጋውን ይጫናል። ዳትስካን የሚባለው፣ በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን ንጥረ ነገር የሚያመነጩትን ነርቮች የሚያይ የምስል ምርመራም አንዳንድ ጊዜ ይጠቀሳል፤ በአሜሪካ ከ2011 ጀምሮ የተፈቀደ ሲሆን፣ ፓርኪንሰን ባለበት ሰው ላይ ጉድለት ያሳያል። ንጹሕ ሆኖ ቢመጣ ግን ኤሴንሻል ትሬመርም፣ በመድኃኒት የመጣ መንቀጥቀጥም ንጹሕ ያሳያሉና ብቻውን ፈንክሽናል አያሰኝም። በተጨማሪም ሁለቱ ሕመሞች በአንድ ሰው ላይ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ፤ ፓርኪንሰን ያለበት ሰው ላይ ፈንክሽናል መንቀጥቀጥ ሲደረብበት አይቻለሁ፤ አንዱ ተገኘ ተብሎ ሌላውን መፈለግ ማቆም ስሕተት ነው።

አክስቴ ስለፈለገችው ወረቀት ልመለስ። ያ ወረቀት ቢሠራላት ኖሮ የሚለው «ግኝቱ ከፈንክሽናል መንቀጥቀጥ ጋር ይስማማል» ብቻ ነው። «አላስመሰለችም» አይልም፤ «አስመስላለች» ብሎም አይጽፍም። አንድ ጤነኛ ሰው ሆን ብሎ እጁን ቢያንቀጠቅጥ በእኛ ስክሪን ላይ የሚታየው ያው ነው፤ እንቅስቃሴው በዚያው መንገድ ስለሚሄድ ማሽናችን መንገዱን እንጂ ሐሳቡን አያነብም። ይህን አጥብቄ የምናገረው ጽሑፋችሁን ያነበበ አሠሪ ወይም የትራፊክ አደጋ ካሣ የሚከራከር ጠበቃ ምርመራውን እንደ ውሸት መለያ እንዳያየው ሰግቼ ነው። ይሁንና በጥናት ደረጃ ልዩነቱ ታይቷል። ከቤቴ ብዙም በማይርቀው ቤቴስዳ በሚገኘው የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ቫለሪ ቩንና ማርክ ሃሌት ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2010 ያወጡት ጥናት፣ 8 ሕሙማን ሕመሙ ሲያንቀጠቅጣቸውና ያንኑ መንቀጥቀጥ ሆን ብለው ሲያስመስሉት የአንጎላቸውን ሥራ በምስል አነጻጽሯል። ሕመሙ ሲያንቀጠቅጣቸው «ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ» ከሚለው ስሜት ጋር የሚያያዘው በቀኝ በኩል ያለው የአንጎል ክፍል ሥራው ቀንሶ ተገኘ። ሕመምተኛው «እኔ አይደለሁም የማንቀጠቅጠው» ሲል የሚሰማውን እየተናገረ ነው ማለት ነው። ይህ ግን የቡድን ጥናት ነው፤ ለአንድ ሰው ታዞ ወረቀት የሚሰጥበት ምርመራ አይደለም።

ታዲያ ምርመራው ለማን ይጠቅማል? እንደኔ እምነት ከሐኪሙም ከአሠሪውም ይበልጥ ለበሽተኛው ነው። ያቺን በሽተኛ ምዝገባው ካለቀ በኋላ ሐኪሙ ስክሪኑን አዙሮ አሳያት፤ «ይኸው ግራሽ 3 ሲመታ ቀኝሽ ምን እንዳደረገ እይ። የተበላሸ ነርቭ እንዲህ አይታዘዝም። መንገዱ አለ፤ ቅንጅቱ ነው የጠፋው» አላት። መስመሩን በጣቷ እየተከተለች ብዙ ጊዜ ዝም ብላ ካየች በኋላ «ስለዚህ መቆም ይችላል ማለት ነው?» ብላ ጠየቀች። ለብዙዎቹ ሕሙማን የመዳኑ ሥራ የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው፤ ቀጣዩ ሥራም ይህን የሚያውቅ ፊዚዮቴራፒስት ትኩረትን ከታመመው አካል ላይ እያነሣ እንቅስቃሴን እንደገና የሚያለማምድበት ነው። ተአምር አይደለም፤ በእንግሊዝና በስኮትላንድ በ355 ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2024 የወጣው ሙከራ በዋናው መለኪያው ከተለመደው ሕክምና ልዩነት አላገኘም፤ ሆኖም ይህን ልዩ ፊዚዮቴራፒ ካገኙት ውስጥ ተሽሎኛል ያሉት ብዙ ነበሩ።

አክስቴን ያያት የአዲስ አበባው የነርቭ ሐኪም አክስለሮሜትርም ሜትሮኖምም አልነበረውም። ግራ እጇን ጠረጴዛው ላይ አስደርጎ፣ በብዕሩ ጫፍ ጠረጴዛውን እየመታ «ከእኔ እኩል ይምቱ» አላት፤ አንዴ ፈጠን፣ አንዴ ዘግየት እያደረገ መታ። ከዚያ «አሁን ቀኝ እጅዎን ይመልከቱት» አለ። ቆሟል። እስከዚያ ድረስ እጇ አርፎ ሳለ የቆመበትን ቀን አታስታውስም ነበር። በስልክ ስታጫውተኝ አሁንም ትስቃለች፤ «በብዕር አዳነኝ» ትላለች። አላዳናትም፤ ምን እንዳለባት ነገራት፣ ከዚያ ለወራት ስትለማመድ ቆየች፣ አሁንም ሲደክማት ይመለስባታል። ነገር ግን ቤተሰቡ ለኤምአርአይ ካዋጣው ገንዘብ ይልቅ ያ ብዕር ብዙ ነገር አሳይቷል።

ለዚህም ነው በጽሑፋችሁ ላይ «ምርመራው በአገራችን አይገኝም» የምትለዋን ሐረግ በከፊል የምቃወመው። የኢኤምጂ ማሽን አዲስ አበባ ውስጥ አለ፤ የስኳር ሕመምተኞችን የእግር ነርቭ ለመለካት በየዕለቱ ይሠራል። ያው ማሽን ሁለት ተጨማሪ ገመድ ተሰክቶለት የመንቀጥቀጡን ምዝገባ መሥራት ይችላል፤ የጎደለው ማሽን ሳይሆን ፈተናውን የለመደ ሰው ነው። የመንቀጥቀጥን ፍጥነት ብቻ ለማየት ደግሞ ተራ ስልክ ይበቃል፤ የጡንቻውን ነገር ግን ስልክ አያውቅም። ከአዲስ አበባ ውጭ ላለው ሐኪም ከሁሉ የሚቀርበው የብዕሩ ፈተና ነው፤ እሱንም ለመማር አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። የእኔ ምኞት ማሽን ከመገዛቱ በፊት በየክልሉ ሆስፒታል የሚሠሩ ጠቅላላ ሐኪሞች ይህን እንዲያዩ፣ «ምንም የለብዎትም» ከማለታቸው በፊትም አንድ ጊዜ ጠረጴዛ እንዲመቱ ነው።

በመጨረሻ አንድ ልመና አለኝ። ጽሑፉን በድረ ገጻችሁ ላይ የምታቆዩት ከሆነ የደሙን ብልቃጥ ፎቶግራፍ አንሥታችሁ ሌላ ብትተኩበት ደስ ይለኛል። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ልኬላችኋለሁ፤ በወንበር መደገፊያ ላይ ያረፈ እጅ ነው፣ ክንዱ ላይ አራት ኤሌክትሮዶች፣ ከእጁ ጀርባ አክስለሮሜትር ተለጥፎበታል። የሕመምተኛ ምስል ስለሆነ ፈቃድ ያስፈልጋል ብላችሁ እንዳትቸገሩ፤ እጁ የእኔው ነው።

ከአክብሮት ጋር
የነርቭ ምርመራ ቴክኒሺያን (ስሜ በዝግጅት ክፍሉ የሚታወቅ)
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ